የከብት ሆድ ዕቃ ባቡር የነዳባት ከተማ

በስዊድን መንግሥት ውስጥ፣ ከዋናው ከተማ ከስቶክሆልም ወደ ደቡብ ምዕራብ 200 ኪሎሜትር ያህል ርቃ፣ ሊንሸፒንግ የምትባል ከተማ ትገኛለች። በባቡር የሄደ መንገደኛ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይደርስባታል። አገሩ ሜዳ ነው፤ የእርሻው ስፋትና የመስኩ ልምላሜ፣ በመስኩም ላይ የተሰማራው ከብት ድልብነት፣ ኤስተርዬትላንድ የተባለው ይህ አውራጃ የእህልና የከብት አገር መሆኑን ሳይነግሩን ያስታውቀናል። ከሩቅ አስቀድሞ የሚታየው በ13ኛው መቶ ዓመት መሠራት የተጀመረው የካቴድራሉ ግንብ ነው፤ ቁመቱ 107 ሜትር ይሆናል። ስቶንጎን የተባለው ወንዝ ከተማይቱን አቋርጦ ወደ ሰሜን በመውረድ ሮክሰን ከሚባለው ሐይቅ ይገባል። የሕዝቧ ቁጥር ከነአካባቢዋ ከ160 ሺህ ይበልጣል። የሳብ አውሮፕላን ፋብሪካ በዚያ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋም በተማሪ ብዛት የታወቀ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

እኛ ግን እስከዚያ ድረስ የሄድነው ግንቡን ወይም አውሮፕላኑን ለማየት አልነበረም። ከተማይቱ በሥልጣኔ መጻሕፍት ውስጥ ስሟ የሚነሣው ከቄራ በሚወጣው ደም፣ ጨጓራ፣ አንጀትና ሞራ አውቶቡሶቿን ስለ ነዳች፣ ኋላም ባቡር ስላስኬደች ነው። ስለ ሆድ ዕቃ በቤተሰብ ገጽ ላይ መጻፋችንን እመቤቶች አይጸየፉብን፤ በበዓል ዋዜማ ሽንፍላ ያጠበች ሴት ሁሉ ከእኛ ይልቅ ነገሩን ታውቀዋለች።

አንድ ከብት በታረደ ጊዜ ወደ ሥጋ ቤት የሚሄደው ከቁመናው ክብደት ግማሹ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ቆዳ፣ ቀንድ፣ ሰኮና፣ ደም፣ ፈርስ፣ ሞራና ሆድ ዕቃ ነው። በእኛ አገር በደጃፍ አንድ በሬ ሲጣል ከዚህ ሁሉ የሚባክነው ጥቂት ነው፤ ጨጓራውና ጉበቱ ለዱለት፣ ሽንፍላው ለወጥ ይሆናል፤ ሞራው ይቀልጣል፤ ቆዳው ይሸጣል፤ ቀንዱ ዋንጫ ሆኖ ጠጅ ይጠጣበታል፤ የተረፈውንም ውሻና ጥንብ አንሣ ይካፈሉታል። ነገር ግን ከብቱ በየቀኑ በመቶ በመቶ እየተነዳ በሚገባበት ታላቅ ቄራ ትራፊው እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ደሙ በበርሜል ሳይሆን በጎተራ የሚሰፈር ነው፤ ወደ ወንዝ ቢለቁት ውሃውን ያከረፋል፣ ዓሣውንም ይገድላል፤ ቢቀብሩት ምድሩን ያበላሻል። ሲበሰብስም ሜቴን የሚባለውን አየር ያወጣል፤ ይህም አየር በመቶ ዓመት ሲታሰብ ምድርን ለማሞቅ ያለው ኃይል ክብደቱ እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ነው።

ኤውሮፓውያን ለብዙ ዘመን የያዙት ብልሃት ትራፊውን አብስለውና አድርቀው ፈጭተው፣ መልሰው ለከብት ማብላት ነበር። ሣር በል የሆነ እንስሳ የወገኑን ሥጋና አጥንት እንዲበላ ማድረግ በመጨረሻው ምን እንዳመጣ ዓለም ሁሉ ያውቃል። በ1986 በእንግሊዝ አገር የከብት እብደት የተባለው በሽታ ታወቀ፤ ኋላም በሽታው በሥጋው በኩል ወደ ሰው የሚተላለፍ ሆኖ ተገኘ፤ ከ2001 ጀምሮ የኤውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለውን ዱቄት ለእርባታ ከብት መመገብን በመላው አገሩ ከለከለ። ያን ጊዜ ብዙ ቄራ ትራፊውን የሚያደርስበት ቢያጣ፣ ሊንሸፒንግ ግን አስቀድማ ሌላ መንገድ ይዛ ነበር።

የሊንሸፒንግ ሰዎች ወደዚህ ሥራ የገቡት ስለ ቄራው ብቻ ተጨንቀው አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስቸገራቸው በከተማይቱ መካከል የሚመላለሱት አውቶቡሶች የሚተፉት የናፍጣ ጢስ ነበር። የስዊድን መንግሥት በ1991 በካርቦን ላይ ግብር የጣለ፣ ከዓለምም በዚህ ነገር ከቀደሙት አገሮች አንዱ ስለ ሆነ፣ ከምድር ጉድጓድ የሚወጣው ነዳጅ እየተወደደ ሄደ። አስቀድመው ከከተማው የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ በተገኘ ጋዝ ጥቂት አውቶቡሶች ሞከሩ። ሙከራው ቢሠምርላቸው ጋዙ አነሰ። በ1995 ሦስት ወገኖች ተስማምተው አንድ ማኅበር አቆሙ፤ አንደኛው ቴክኒስካ ቬርከን የተባለው የከተማይቱ የውሃና የመብራት ድርጅት፣ ሁለተኛው የሥጋ ኩባንያው፣ ሦስተኛው የገበሬዎች ማኅበር ነው። በዚህ ስምምነት እጅግ ተደስተናል፤ አንዱ ትራፊውን የሚጥልበት አጥቶ የተቸገረ፣ አንዱ ነዳጅ የሚፈልግ፣ አንዱም ለእርሻው ማዳበሪያ የሚሻ ነውና፣ የሦስቱ ችግር ሦስት ሆኖ ቢቀር ኖሮ እያንዳንዱ ለየብቻው ገንዘብ ያስወጣ ነበር።

ፋብሪካው በሚቀጥለው ዓመት ተሠራ። በ2002 የከተማይቱ አውቶቡሶች በሙሉ፣ ከ60 የሚበልጡት፣ በዚሁ ጋዝ የሚሄዱ ሆኑ።

እንዲህ ባለው ፋብሪካ ደጃፍ የቆመ እንግዳ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሽታው ነው። ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ ሽታውን መግዛት ያልቻለ የዚህ ዓይነት ፋብሪካ በጎረቤት አቤቱታ ተከስሶ መከራ ያያል። ስለዚህም ትራፊውን የጫነው መኪና ወደ አዳራሽ ገብቶ በሩ ሳይዘጋ ክዳኑ አይከፈትም፤ የአዳራሹም አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ ይጣራል እንጂ ወደ ሜዳ አይለቀቅም። ከዚያ በኋላ ሥራው ከወጥ ቤት ሥራ ብዙ አይለይም። ትራፊው ከ12 ሚሊሜትር የማይበልጥ እስኪሆን ይከተፋል፤ ቀጥሎም በ70 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሙሉ ሰዓት ይቀቀላል። ይህን ልክ ያወጣው የኤውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። ሕጉ የእንስሳን ትራፊ በሦስት ይከፍለዋል። ለሰው ምግብ ሊሆን ይችል ከነበረው ከብት የወጣው ሦስተኛው ክፍል አሁን እንዳልነው ይቀቀላል፤ ሁለተኛው ክፍል በአብዛኛው በ133 ዲግሪ ሙቀትና በታላቅ ግፊት 20 ደቂቃ ካልበሰለ አይገባም፤ አንደኛው ክፍል፣ ማለት የከብት እብደት በሽታ የሚያሠጋበት የአንጎልና የአከርካሪ መቅን የመሰለው፣ ከዚህ ጎተራ ርቆ በእሳት የሚጠፋ ነው።

የተቀቀለው ነገር ቀዝቀዝ ካለ በኋላ አየር ወደማይገባበት ታላቅ ጎተራ ይወርዳል። ጠላ የጠመቁ እመቤቶች ይህን ለመረዳት መሐንዲስ አያስፈልጋቸውም። ጋኑ አፉ ተመርጎ ሲቀመጥ ብቅሉና ጌሾው ውስጥ ለውስጥ እንደሚብላላ፣ እንዲሁ በጎተራው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ስቡንና ሥጋውን እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ። በሊንሸፒንግ የጎተራው ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ቆይታውም 30 ቀን ያህል ነው። 38 ዲግሪ ለአንዲት ጤነኛ ላም የገላ ሙቀት የቀረበ ነው፤ ሥራውንም የሚሠሩት ነፍሳት በላም ሆድ ውስጥ ከሚኖሩት ጋር ዘመዳሞች ስለ ሆኑ፣ የታረደው ከብት ሆድ ዕቃ ከብረት በተሠራ ሌላ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይፈጫል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህ የብረት ሆድ ግን እንደ ሕፃን ሆድ ነው። የቄራ ትራፊ ለጋዝ ከሌላው ቆሻሻ ሁሉ የተሻለ ነው፤ ስብ ከእበት ይልቅ ብዙ እጥፍ ጋዝ ይሰጣል። ሆኖም ያለ ልክ ያጎረሱት እንደ ሆነ ጎተራው ይታመማል። ደሙና ሥጋው በብዛት ሲገባ አሞኒያ ይበዛና ነፍሳቱን ያፍናቸዋል፤ ስቡ ሲበዛ ጎተራው ይኮመጥጣል፣ አረፋም ይገነፍላል፤ ድኝ የተቀላቀለበት የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛም አየርም ስለሚፈጠር የብረት ጨው እየጨመሩ ያስታግሡታል። የታመመ ጎተራ እስኪያገግም ሳምንታት ይወስድ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ቄራው ማረዱን አያቆምም፤ አውቶቡሱም ነዳጅ መፈለጉን አይተውም። ስለዚህ የፋብሪካው ጠባቂዎች ቀንና ሌሊት የሚመለከቱት የሙቀቱንና የኮምጣጤውን ልክ ነው። ጠጅ የምትጥል ባልቴት በየማለዳው ጆሮዋን ወደ ጋኑ ስታስጠጋ ያየ ሰው ሥራቸውን ያውቀዋል።

ከጎተራው የሚወጣው ጋዝ ከመቶው 60 እጅ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሜቴን ነው፤ የቀረው ይበልጡን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በዚህ ሁኔታው ምድጃ ማንደድ ይበቃዋል፤ ለሞተር ግን ሊጣራ ይገባዋል። በታላቅ ግፊት በውሃ መካከል ሲያሳልፉት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በውሃው ሟሙቶ ይቀርና ከመቶው 97 እጅ ሜቴን የሆነ ንጹሕ ጋዝ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ 200 ጊዜ ያህል በአየር ግፊት ተጨምቆ በብረት ዕቃ ይሞላል። አንድ ነገር እዚህ ላይ አሳቀን። ሜቴን ሽታ የሌለው አየር ነው፤ ከዚያ ሁሉ ክርፋት መካከል ወጥቶ ምንም አይሸትም። ምስጢሩን ያላወቀ ሰው ቧንቧ ቢያፈስበት ሳይሰማው እሳት ጭሮ ይጠፋል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ሽታው እንዲታወቅ አስቀያሚ ጠረን ያለው መድኃኒት እንደ ገና ይጨምሩበታል።

የፋብሪካው አቅም በዓመት 100 ሺህ ቶን ትራፊ ሲሆን፣ ከዚህም 4.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የተጣራ ጋዝ ይገኝበት ነበር። በ2005 ገደማ በተደረገው ሒሳብ ይህ ጋዝ በየዓመቱ 5.5 ሚሊዮን ሊትር ቤንዚንና ናፍጣ ተክቶ፣ ወደ ሰማይ ይወጣ የነበረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ9 ሺህ ቶን በላይ ቀነሰ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ነበር አማንዳ የተባለችው ባቡር ለሕዝብ የታየችው። ባቡሪቱ አዲስ አልነበረችም፤ የፊያት ሞተር የነበራት አሮጌ ባለ አንድ ሠረገላ የናፍጣ ባቡር ስትሆን፣ ሞተሯ ወጥቶ በቮልቮ ፋብሪካ የተሠሩ ሁለት የጋዝ ሞተሮች ተተከሉላት። ለዚህም 10 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር ወጣ። 54 መንገደኞች ትይዛለች፤ አንድ ጊዜ የተሞላው ጋዝ 600 ኪሎሜትር ያስኬዳታል፤ ፍጥነቷም እስከ 130 ኪሎሜትር በሰዓት ይደርሳል ተባለ። በዓለም በባዮጋዝ የሄደች የመጀመሪያይቱ የመንገደኛ ባቡር እርስዋ ነች።

መንገዷ ከሊንሸፒንግ ተነሥቶ በባልቲክ ባሕር ዳር እስካለችው እስከ ቬስተርቪክ ይወርዳል። እኛም በዚሁ ሐዲድ ሄደን አይተነዋል። ሜዳው ብዙም ሳይቆይ ያልቅና ጥድና ዝግባ የሞላበት ደን ይከተላል፤ በደኑ መካከል ሐይቅ በሐይቅ ላይ ብልጭ ይላል፤ የእንጨት ቤቶቹ ቀይ ቀለም የተቀቡ ናቸው። በመንገድ ላይ ያለችው ኦትቪዳቤሪ የምትባለው ትንሽ ከተማ በቀድሞ ዘመን ፋሲት የተባለው የሒሳብ መኪና የተሠራባት ናት፤ የዕድሜ ባለጠጋ የሆኑ የቢሮ ሰዎች በአገራችንም ይህን መኪና ያስታውሱት ይሆናል። ሐዲዱ በቬስተርቪክ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ነው። አማንዳ ግን ዛሬ በዚህ መንገድ የለችም። ጥቂት ዓመታት ካገለገለች በኋላ ሥራዋን ትታለች፤ ለአንዲት ባቡር ብቻ የተለየ ነዳጅና የተለየ ጠጋኝ ማቆየት ከባድ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። ጋዙን የሚያወጣው ፋብሪካ ግን ከእርስዋ በኋላም ቀጥሏል።

አማንዳ በተመረቀች ጊዜ በየጋዜጣው የተጻፈ አንድ ሒሳብ አለ። የአንዲት ላም ሆድ ዕቃ፣ ስብና አንጀት ባቡሪቱን 4 ኪሎሜትር ያህል ያስኬዳታል የሚል ነው። ከሊንሸፒንግ እስከ ቬስተርቪክ ከ100 ኪሎሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ደርሶ ለመቅረት ብቻ ከ25 የማያንስ ከብት ትራፊ ይጠይቃል ማለት ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ ሁለት አሳብ መጣብን። አንደኛው፣ ሊጣል ከነበረው ነገር 54 ሰው 4 ኪሎሜትር መሄዱ ትልቅ ነገር ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው አሳብ ግን ያን ያህል ደስ አያሰኝም። አንዲት ትልቅ የወተት ላም በሕይወት ሳለች እያመነዠከች በምታገሣው ብቻ በዓመት 100 ኪሎ ያህል ሜቴን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ይህም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር 2.8 ቶን ይሆናል። እንግዲህ ፋብሪካው በዓመት አዳነ የተባለው 9 ሺህ ቶን፣ ከ3 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ እንደዚህ ያሉ ላሞች በዓመት ከሚያገሡት ጋር ይተካከላል። የሥጋ ነጋዴዎች ትራፊያችን ጋዝ ይሆናልና ሥጋችን ከዕዳ ነጻ ነው እያሉ ሲናገሩ የሚሰማ ሰው ይህን ሒሳብ ይያዝ። ከብቱ ለሥጋው ሲል ይታረዳል፤ ታርዶ ሳለም ትራፊውን መጣል ኃጢአትን መደራረብ ነው፤ ፋብሪካው የሚያድነው ይህን ሁለተኛውን ጥፋት ነው። እኛ በዚህ መጠን እናመሰግነዋለን።

ስለ ገበሬዎቹ ድርሻ ከተናገርን ዘንድ፣ ጋዙ ወጥቶ በጎተራው የሚቀረው ጥቁር ፈሳሽ ዋጋው ትንሽ እንዳይመስል። ናይትሮጂኑና ፎስፈረሱ ሁሉ በውስጡ ነው፤ ጋዝ ሆኖ የሄደው ካርቦኑ ብቻ ነውና። በሚዘራበት ወራት በቦቴ መኪና ወደ እርሻ ይወሰድና በቱቦ በመሬቱ ላይ ይፈስሳል። ገበሬው ከብቱን ወደ ቄራ ነድቶ በሸጠ በጥቂት ወር ውስጥ የዚያው ከብት ትራፊ ማዳበሪያ ሆኖ ይመለስለታል፤ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ማዳበሪያም ያን ያህሉን ሳይገዛ ይቀራል።

በአገራችንም ይህ ጥበብ እንግዳ አይደለም። በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ የባዮጋዝ ጉድጓድ ተሞክሮ ነበር፤ በ2009 የተጀመረው የባዮጋዝ ፕሮግራምም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውስጥ ከ8 ሺህ በላይ ጉድጓዶች በገበሬ ግቢ አሠርቷል። የእኛው ጉድጓድ የሚጎርሰው እበትና ውሃ ነው። የታደለችው ባለቤት ከማገዶ ለቀማና ከኩበት ጢስ ዓይኗ አርፎ ሻይዋንና ወጧን በሰማያዊ ነበልባል ታበስላለች። እንጀራው ላይ ግን ነገሩ ቆመ፤ የተለመደችው አንድ አፍ ያላት የጋዝ ምድጃ ለሰፊው ምጣድ ሙቀቷ አይዳረስም፤ መካከሉን አሳርራ ዳሩን ጥሬ ታስቀረዋለች። ስለዚህ ጋዝ ባለበት ቤት እንኳ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን እንጨቱ መልሶ ይነድዳል። እነ አማንዳን የሠሩ ዓይነት መሐንዲሶች በዚህች ምጣድ ላይ ጥቂት ቢያስቡ ኖሮ የስንት እናት ዓይን ይድን ነበር!

ሊንሸፒንግን ለቅቀን ከመሄዳችን በፊት ጋምላ ሊንሸፒንግ የተባለውን ሠፈር ጎበኘን፤ ትርጓሜውም አሮጌው ሊንሸፒንግ ማለት ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ መካከለኛው ከተማ በአዲስ ሕንጻ ሲለወጥ፣ የጥንቱን የእንጨት ቤቶች እያነሡ ወደዚህ አምጥተው ተክለዋቸዋል። በድንጋይ በተነጠፈው ጎዳና ላይ የሚሄድ ሰው የዱሮዎቹ ሰዎች ጓዳቸውንና በረታቸውን እንዴት አጠገብ ለአጠገብ እንዳደረጉት ያያል። ከየቤቱ ጓሮ የአሳማና የዶሮ ማደሪያ አይታጣም ነበር፤ የወጥ ቤቱ ትራፊም መንገዱ ከዚያ አያልፍም ነበር።

ዛሬ በከተማው ፎቅ ውስጥ የምትኖር እመቤት አሳማ የላትም። በእርሱ ፈንታ አረንጓዴ ከረጢት ሰጥተዋታል። የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የዓሣ አጥንት፣ ልጅ የተወው ገንፎ፣ ይህ ሁሉ ወደ አረንጓዴው ከረጢት ይገባል፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ከቄራው ትራፊ ሌላ የቤቱንም ይፈልጋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ያ የብረት ሆድ ይበልጥ ይስማማዋል። ከረጢቱ ከሌላው ጥራጊ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ይጣላል፤ ቆሻሻው በሚለይበት ስፍራ ቀለም የሚያውቅ ካሜራ ያለው መኪና አረንጓዴውን ከሌላው መካከል ይመርጠዋል። በመንገድ ላይ እንዳይፈታና እንዳይፈስስ ግን በአንድ ቋጠሮ አይበቃም፤ ሁለት ጊዜ አጥብቆ መቋጠር ግዴታ ነው፤ ልጆችም ይህን ከትንሽነታቸው ጀምሮ ይማሩታል።